ወርቁ ከመለጠፉ በፊት

ልጄ ፓርክላንድስ በሚሉት ሰፈራችን በከፈተችው ሱቅ በር ላይ ስሜን በትልቁ አሰቅላለች። ፕላስቲክ ነው፤ ጠዋት ታዝዞ ከሰዓት ደረሰ። ባለፈው ሳምንት ወንበር ላይ ወጥቼ በጣቴ ዳበስኩት። መለስለሱንስ ለስልሷል፤ ግን ማን ደከመበት? «አባዬ፣ ትወድቃለህ!» ብላ ጮኸችብኝ። እኔ በሐሳብ ሄጃለሁ።

በደርግ ጊዜ፣ ገና ጎረምሳ ሳለሁ፣ በሞያሌ በኩል ወጥቼ እዚሁ ሰፈር አንድ ህንዳዊ አናጢ ዘንድ ተቀጠርኩ። ሥራዬ የእንጨት ፊደላትን ለወርቅ ማዘጋጀት ነበር። ስንጥቁን በስቱኮ እደፍናለሁ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሻለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ፣ ደግሞ አሻለሁ። ወርቁ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ስለሆነ ከሥሩ ያለችውን ጭረት ሁሉ ያጋልጣል። «ፖሌ ፖሌ» ይለኛል ሰውዬው በስዋሂሊ፣ ቀስ በል ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያናግረኝ የለም። ቻፓቲና ባቄላዬን ብቻዬን በልቼ ወደ እሽታዬ!

ሀበሻ ሀበሻን የሚፈራበት ዘመን ነበር። ማን የማን ጆሮ እንደሆነ ስለማይታወቅ፣ መንገድ ላይ ስንተያይ ወደ ማዶ እንሻገር ነበር። ስሜን ለጠየቀኝ ሁሉ «ተስፋዬ» እላለሁ። በገዛ ስሜ የሚጠራኝ ሰው ጠፋ። ብቸኝነቱ አንገበገበኝ።

በሐምሌ ብርድ፣ ምግብ ቤት ያላቸው የሀገሬ ሴት፣ እትዬ አስካለ፣ ማኅበራቸው ለሚጸልይበት ክፍል በር «ኪዳነ ምሕረት» የሚል ጽሑፍ ሊያሠሩ መጡ። በአማርኛ ሰላም ስላቸው ፊታቸው ጠቆረ። ከህንዱ ጋር በስዋሂሊ ተነጋግረው ወጡ። እኚህን ሴት አንድ ቀን ሳላናግር አልቀርም እያልኩ ፊደላቱን እንደ ሰው እያዋራሁ አሸኋቸው። እናቴን ስናፍቅ እነሱን ነበር የማማክረው።

ሙጫው ተቀብቶ፣ ወርቁ ገና ሳይለጠፍ፣ ሴትዮዋ ሊያዩ መጡ። «እመቤቴ!» አሉና፣ አይንኩ ሳልላቸው፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን በር ጎንበስ ብለው ፊደሉን ተሳለሙት። ግንባራቸው ተጣበቀ፣ ነጠላቸው ተጣበቀ። ህንዱ በራሱ ቋንቋ ጮኸ። እኔ ዘይት የነካ ጨርቅ ይዤ ቀረብኩ።

«እትዬ፣ ይፍቀዱልኝ።»

ግንባራቸውን ስጠርግ መጀመሪያ ሳቃቸው መጣ፤ ቀጥሎ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«እኔን ይድፋኝ! ልፋትህን አበላሸሁብህ።»

«ግድ የለም፣ እንደገና አሸዋለሁ።»

«ማን ልበል፣ ልጄ?»

«ተስፋዬ» አፌ ላይ ደርሳ ዋጥኳት። «ዘውዱ» አልኩ።

ወደ በሩ አየት አደረጉና «ዘውዱ» አሉ በሹክሹክታ። «እሑድ ና። ከኛ ጋር ትጸልያለህ።»

ፊደሉን ከሥሩ ፍቄ እንደ አዲስ ሠራሁት። እሑድም ሄድኩ። ብቸኝነቱ ግን በአንድ እሑድ የሚለቅ አልነበረም፤ ዓመታት አብሮኝ ኖሯል።

ትናንት አንድ መንገደኛ ከሱቁ ፊት ቆሞ ስሜን ጮክ ብሎ አነበበ። ደንግጬ ማን ሰማ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ኧረ ማን ሊሰማ! እትዬ አስካለም ካረፉ ቆይተዋል። ምነው በኖሩና እሳቸውም ጮክ ብለው በጠሩኝ።