ከቡሬ የመጣው መንዙማ

መቱ ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ከከፈትኩ ጀምሮ የማይነበብ ነገር ካየሁ እረፍት የለኝም። ስለዚህ የቡሬዋ እትዬ በመሐረብ ቋጥረው ያመጡትን ፍላሽ ስከፍተው፣ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ዝብርቅርቅ ስክሪኑን ሲሞላው፣ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

እሳቸው ግን ክው አሉ። "ጠፋ እንዴ?"

በፍላሹ ያለው የባላቸው የመጨረሻ መንዙማ ነበር። ባላቸው ቡሬ ላይ ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ በመውሊድና በሰርግ ደግሞ ራሳቸው የገጠሙትን መንዙማ ያዜማሉ። ይህኛውን ከብዙ ዓመት በፊት አስተይበው ለማንም ሳያሰሙ ሞቱ። አሁን ልጃቸው ልታገባ ስለሆነ እትዬ በሰርጉ እንዲባል ፈልገዋል።

"ለሰፈሩ ሁሉ በግጥም ዱዓ አድርጓል" አሉኝ፤ "የሚኒባስ ረዳቱን ስም ሳይቀር ጠርቷል። የእኔን ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠራም! ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።" እየሳቁ ነበር የነገሩኝ፤ ግን ሁለቴ ደገሙት።

ያኔ ኮምፒውተር የእኛን ፊደል አያውቅም ነበር። የትየባው ፕሮግራም በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ የእኛን መልክ እየሳለ ያሳየናል እንጂ ውስጥ የሚቀመጠው የእንግሊዝኛው ነው። ዛሬ እያንዳንዱ ፊደላችን በየትኛውም አገር ኮምፒውተር የሚታወቅበት የራሱ ቁጥር አለው። የእትዬ ልጅ ጽሑፉን በጥንቃቄ ገልብጣ አስቀምጣለች፤ ፕሮግራሙ ግን ከአሮጌው ኮምፒውተር ጋር አብሮ ተጥሏል። ብፈልግ ባፈላልግ አጣሁት።

እኛ ቤት ያለ "በስመ አብ" ምንም አይጻፍም። ይሄ ትዝ አለኝና "ሲጽፉ በምን ነበር የሚጀምሩት?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"በቢስሚላሂ ነዋ! ያለሱ ሱቁንም አይከፍት።"

"ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም" ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩና ከመጀመሪያው መስመር ምልክቶች ጋር አስተያየሁት። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ቃል በ"ረ" ይጀምራል፤ ስክሪኑ ላይም ሁለቱ ቃላት በአንድ ዓይነት ምልክት ይጀምራሉ። ከወንበሬ ብድግ አልኩ። የአንድ መስመር ፊደላት በእጄ ገቡ ማለት ነው።

የቀሩትን ከአዝማቹ ለቀምኩ። ባልየው በመንዙማቸው ሁሉ አንድ አዝማች ነበራቸው፤ እትዬ ጠረጴዛዬን በመዳፋቸው እየመቱ አዜሙልኝ፤ እኔ እየሰማሁ ከምልክቶቹ ጋር አገጣጥማለሁ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ የመጡት ደንበኞች ሥራቸውን ረስተው አብረው ያጨበጭባሉ። "ማሎ ልጄ፣ ይቺንስ?" እያሉ ይለምኑኛል እትዬ በየመሀሉ፣ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ከእኔ ብሰው ቸኩለዋል።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ስንኝ ላይ ደረስን። እዚያ አንድ ቃል መነሻው ላይ በጽሑፉ ሁሉ ሌላ ቦታ የሌለ ምልክት አለው። ብገምት ባሰላስል አልመጣልኝም።

"እትዬ፣ የዚህን ቃል መጀመሪያ አላወቅኩትም፤ የቀረውን ላንብብልዎት" አልኩና አነበብኩ። "ሱቁን እኔ ብከፍት፣ ቤቱን ያቆመችው..." ካልኩ በኋላ የቃሉን የቀሩ ፊደላት አንድ በአንድ ጠራሁ።

መዳፋቸው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

"አትድከሚ ልጄ" አሉ። "እኔ ነኝ።"

ስማቸውን ከነመጀመሪያው ፊደል ነገሩኝ። የጎደለችውን ፊደል አስገባኋት፤ ቃሉም ሞላ። እንባቸውን በዚያው ፍላሹን በቋጠሩበት መሐረብ ጠረጉና ቀና አሉ።

"ሁለት ኮፒ አውጪልኝ። አንዱ ለሰርጉ ነው፤ አንዱ ለጎረቤቶቼ።"