መንገድ በተዘጋ ጊዜ የሠራነው አቻር

የማስተምርበት የወልድያ ትምህርት ቤት ለክረምት ሲዘጋ፣ ትንሽ ሰንብቼ ልመለስ ብዬ መርሳ አማቴ ዘንድ ወረድኩ። ባለቤቴ ሰኔ ላይ ከእኔ ጋር ሰንብቶ አዲስ አበባ ወዳለው የሕንፃ ሥራው ተመልሶ ነበርና፣ ብቻሽን ክራይ ቤት ከምትቀመጪ ከእናቴ ጋር ክረሚ ስላለኝ ነው። ከአማቴ ጋር ገና አልተላመድንም። ዝምተኛ ሴት ናቸው፤ ጎመን ሲቀነጥሱም፣ ዶሮ ሲያባርሩም ቃል አይወጣቸውም። እኔ ደግሞ ዝም ያለ ሰው ፊት ስቀመጥ እጨነቅና የሆነውንም ያልሆነውንም እለፈልፋለሁ። እሳቸው "እህ" ይላሉ፤ እኔ እቀጥላለሁ።

ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ደረሰ። ወልድያም መርሳም በታጣቂዎች እጅ ገቡ። መንገዱ ተዘጋ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ስልክም አልሠራ አለ። ባለቤቴ ወዲያ፣ እኛ ወዲህ ሆነን ቀረን። እርጉዝ መሆኔን ያወቅሁት ከዚያ ወዲህ ነው። አንድ ማለዳ ጓሮ ወጥቼ ሲያስመልሰኝ አማቴ ከኋላዬ መጡና በጣሳ ውሃ ሰጡኝ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ የውሃ ጀሪካን አስነክተውኝ አያውቁም።

ያስቸገረኝ ምግቡ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ያለ መብራት ቆሟል፤ የምንበላው የማሽላ ንፍሮ ወይም በእጅ ወፍጮ ከተፈጨ ዱቄት የተጋገረ ቂጣ ነው። በርበሬ አለቀ፣ ዘይት አለቀ፣ ሽንኩርት የሚያመጣ መኪና የለም። ደረቁ ቂጣ አፌ ሲገባ ጉሮሮዬ ይዘጋል። የሚያምረኝ የሚኮመጥጥና የሚያቃጥል ነገር ብቻ ሆነ። የሚገርመው ደግሞ ፍራፍሬው ሞልቶ ተርፏል። ሌላ ጊዜ ከመርሳና ከግራና በአይሱዙ እየተጫነ የሚሄደው ሎሚና ፓፓያ የሚወስደው ጠፍቶ ዛፉ ሥር ይበሰብሳል። የአማቴ ጓሮ በወደቀ ሎሚ ቢጫ ሆኖ፣ ሲረግጡት ያዳልጥ ነበር።

አጥር የሚጋሩን አንድ ሽማግሌ ገበሬና ልጃቸው ናቸው። ልጅቱ ጅዳ በሰው ቤት ብዙ ዓመት ሠርታ፣ ጦርነቱ ከመምጣቱ ትንሽ ቀደም ብላ ነው የተመለሰችው። ሠላሳዎቹን አጋምሳለች። ሳቂታ ናት፤ ወሬ ላይ ከእኔም ትብሳለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ተቀምጬ ሎሚ ስመጥ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ አየችኝ።

"ምነው አንቺ፣ ጥርስሽን ልትጨርሺው ነው?"

"ምን ላድርግ? ሌላ ነገር አልዋጥ አለኝ።"

"አቻር አታውቂም?"

"ምንድን ነው እሱ?"

"ያ ረቢ! አቻር ሳታውቂ ነው ያረገዝሽው!" ብላ እየሳቀች በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ መጣች።

ትሠራበት በነበረው ቤት አንዲት ህንዳዊት ምግብ አብሳይ ነበረች አለችኝ። የሁለቱም ዓረብኛ እንደነገሩ ስለነበር በጥቅሻና በእጅ ምልክት እየተግባቡ፣ ሎሚ፣ ጥሬ ማንጎ፣ ካሮት፣ የተገኘውን ሁሉ በጨውና በቅመም አብላልተው ያስቀምጡ ነበር። እሷም ባዕድ አገር ደረቅ ሩዝ የዋጠችው በዚያ ነው። "አብሽሪ፣ እንሠራልሻለን" አለችኝ። እኛ አገር አብሽሪ ማለት አይዞሽ፣ ደስ ይበልሽ ማለት ነው፤ እሷ ስትለው ደግሞ ነገሩ ያለቀ ይመስላል።

ጨው ግን ከየት ይምጣ? በሁለቱም ቤት የቀረው ለንፍሮ እንኳ በጣት ቆንጠር የሚደረግ ነው። አባቷን ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው በሬዎቻቸውን ወደ ተራራው ዘመድ ጋ አሽሽተዋል፤ ለበሬዎቹ የገዙት ጨው ግን ጎተራ ሥር በማዳበሪያ ተቋጥሮ ተቀምጧል። ማዳበሪያውን በትከሻቸው አምጥተው ደጃፋችን ላይ አወረዱት።

"በሬዎቼ ሲመለሱ የነሱን ጨው ሰው በላው ብላችሁ እንዳትነግሩብኝ" አሉ።

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ወጥታለች። እኔና ጎረቤቴ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ዘርግተን ሎሚውን አጠብን፣ በጨርቅ አደረቅን፣ ከሥሩ ሳይለያይ ለአራት እየሰነጠቅን ጨው ጠቀጠቅንበት። አማቴ በር ላይ ቆመው ሲያዩን ቆዩና ወደ ጓዳ ገቡ። ሲወጡ በጨርቅ የተቋጠሩ ነገሮች ይዘዋል፦ ስናፍጭ፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ። ለክፉ ቀን የደበቁት ነበር።

"እማማ፣ ይሄን ሁሉ የት አስቀምጠውት ነው?" አለች ጎረቤቴ።

"አንቺ የማታይበት" አሉና አጠገባችን ተቀምጠው ቢላ አነሱ።

ሎሚውን ሰፊ አፍ ባላቸው ጠርሙሶች ሞልተን ፀሐይ ላይ ደረደርነው። ጥሬውን ፓፓያ ደግሞ በስሱ ከትፈን፣ ከጓሮ ቃሪያና ከተረፈችን ነጭ ሽንኩርት ጋር የጨው ውሃ አፍስሰንበት ሌላ ዕቃ ስላጣን ባዶ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ከተትነው። ጠዋት ማውጣት፣ መነቅነቅ፣ ማታ ማስገባት የሁላችንም ሥራ ሆነ። ጀሪካኑ በየቀኑ ክዳኑ ላላ ተደርጎ እንዲተነፍስ ጎረቤቴ አጥብቃ ነግራናለች። ፓፓያው ቶሎ ፈላ፤ ጆሮ ሲያስጠጉበት ሹክሹክ ይላል።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ተጠራጠሩ። ጎንበስ ብለው አሸተቱና ቀና አሉ።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር ጠጅ ሆኖ እንዳይሆን?"

"አባ፣ ጨው ያለበት መቼ ጠጅ ይሆናል? ይኮመጥጣል እንጂ አያሰክርም። እርጎ ይኮመጥጥ የለም?"

"እርጎ እንዲህ አያጉረመርምም።" ቢሆንም ከሎሚው ጫፉን ቆርሳ ሰጠቻቸው። "ቢስሚላህ" ብለው ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ፊታቸው ተጨማደደ፣ ትከሻቸው ተነቃነቀ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። "እስኪ ድገሚኝ፤ አላጣራሁትም።"

እኔማ የዚያን ቀን ቂጣዬን በሎሚው አቻር ጠቅልዬ ሙሉውን በላሁ። ምራቄ ሞልቶ እንባዬ መጣ። አማቴ የራሳቸውን ድርሻ ገምሰው ሲሰጡኝ እሱንም በላሁ። ያን ጊዜ ነው ፊታቸው ፈታ ሲል ያየሁት።

ጥቅምት ላይ አንድ ከሰዓት፣ በወልድያ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሲሰማ ስለዋለ ሁላችንም እኛ ቤት ተሰብስበን ተቀምጠናል። ድምፁ ቆም ብሎ ነበር። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አስተካክለው "አልሀምዱሊላህ፣ ዛሬስ አበቃ" ከማለታቸው በጥግ በኩል ዷ! አለ፤ ወዲያው ደግሞ ጣሪያው ቆርቆሮ ጓ! ብሎ ጮኸ። መሬት ላይ ተደፋን። ከላዬ ከባድ ነገር ወደቀብኝ፤ አማቴ ናቸው። ሆዴን በሁለት ክንዳቸው ከበው ጀርባዬ ላይ ተደፍተዋል፤ ልባቸው ሲመታ ይሰማኛል። ሽማግሌው "ላ ኢላሃ ኢለላህ" ይላሉ፣ አማቴ "እመቤቴ፣ ልጆቼን!" ይላሉ። ልጄን አላሉም፤ ልጆቼን ነው ያሉት።

ከዚያ ፀጥ አለ። ጠብ ጠብ የሚል ነገር መጣ። የነጭ ሽንኩርትና የቃሪያ ሽታ ቤቱን ሞላው። ቀና ስል፣ ከጣሪያው ማገር ላይ አንዲት የፓፓያ ቁራጭ ቀስ ብላ ተንሸራታ ሽማግሌው ኮፍያ ላይ ጠብ አለች።

"አቻሩ ነው!" አለች ጎረቤቴ። "ጀሪካኑን ዛሬ ማን አስተነፈሰው?"

ማንም። በተኩሱ ተደናግጠን ከቤቱ ጥግ ሳናወጣው ረስተነዋል፤ ክዳኑ ተስፈንጥሮ ቆርቆሮውን መትቶ ነው የተመለሰው። ሽማግሌው ቁራጯን ከኮፍያቸው ላይ አንስተው አዩዋት፣ ከዚያ አፋቸው ውስጥ ከተቷት።

"በስሏል" አሉ።

አማቴ ናቸው መጀመሪያ የሳቁት። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተው ለማፈን ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም፤ ግድግዳውን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኛም ተከተልን። ሆዴን ይዤ ስስቅ ልጁ ውስጤ ተገላበጠ፤ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማኝ። የአማቴን እጅ ያዝኩና ሆዴ ላይ አስቀመጥኩት። ሳቃቸውን አቆሙ። "ይሄስ እንደ እናቱ ነው፣ አርፎ አይቀመጥም" አሉኝ።

ጎረቤቴ ለአንድ የግራና ገበሬ ታጭታ ነበር። ሰርጉ መስከረም ላይ ሊሆን ታስቦ ጦርነቱ አስቀረው። ኅዳር ሲመጣ ግን አባቷ "ኒካሁን እናስር። ድግስ ቢጠፋ አቻር አለ" አሉ። በሬ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ገበያ የለም። እኛ ክርስቲያኖቹም ጾም ላይ ነን። ስለዚህ በአገራችን ሰርግ የተለመደው ለሙስሊሙ ለብቻ፣ ለክርስቲያኑ ለብቻ ማረድ ቀረና፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ ቂጣና ንፍሮ በአቻር በላ። ሙሽራው መኪና ስለሌለ ከጓደኞቹ ጋር በማሳው መሐል በእግሩ መጣ፤ ጫማው በአቧራ ነጭ ሆኗል፣ በዘንቢል ብርቱካን ተሸክሟል። ታጣቂዎቹ እንዳይሰሙን እልልታውን በሻሽና በነጠላ እያፈንን ስንለው "ኡምምም" የሚል የንብ ቀፎ ድምፅ ይወጣ ነበር፤ በዚህም እንደገና ሳቅ። አማቴ የመጨረሻውን የሎሚ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው ለሙሽሪት ሰጧት።

"እማማ፣ ለነፍሰ ጡሯ አስቀሩላት እንጂ።"

"ለእሷ እኔ አለሁላት። ሌላ እንሠራለን፤ ሙያው አሁን እጄ ገብቷል።"

ታኅሣሥ ላይ ታጣቂዎቹ ለቀው ወጡና መንገዱ ተከፈተ። በመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ከመጡት መካከል ባለቤቴ ነበር፤ በእህል ጭነት ላይ ተቀምጦ። እኔ አጥሩ ጋ ሎሚ እየለቀምኩ ነው። በሩን ከፍቶ ገባ፣ አየኝ፣ ወደ ሆዴ አየ፣ እንደገና ፊቴን አየ። የያዘው ሻንጣ ከእጁ ወደቀ።

"አንቺ..."

"አዎ።"

መሬቱ ላይ ተቀመጠ። አማቴ ከውስጥ ሮጠው ወጡና አቀፉት፣ ግንባሩን ሳሙት፣ ከዚያ ወሬ ጀመሩ። ያ ሁሉ ወር የተዘጋው አፍ ተከፈተ፦ የጨው ማዳበሪያው፣ ጀሪካኑ፣ የሽማግሌው ኮፍያ፣ ሰርጉ፤ አንዱን ሳይጨርሱ ሌላውን ያነሳሉ። እሱ ቂጣውን በአቻር እየጎረሰ አንዴ እናቱን፣ አንዴ እኔን ያያል።

"እማ፣ እርስዎ እንዲህ ያወሩ ነበር እንዴ?" አላቸው።

"ሚስትህን ጠይቃት፤ ተጋብቶብኝ ነው።"

ሴት ልጃችን የተወለደችው ወደ ወልድያ ከተመለስን በኋላ፣ ማንጎ ገና ጥሬ በሆነበት ሰሞን ነው። ለአራስ ጥየቃ ጎረቤቴ ከግራና መጣች፤ በማዳበሪያ ጥሬ ማንጎ አስጭና። አማቴ ቀድመው ደርሰው ገንፎዬን እያገነፉ ነበር። ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ማንጎው ላይ ተጨቃጨቁ። እሷ ስናፍጩ ይቆላ ትላለች፣ እሳቸው ጥሬው ይሻላል ይላሉ። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ልጄን እያጠባሁ ሁለቱንም አዳመጥኳቸውና፣ ግማሹን እንዲህ ግማሹን እንዲያ አድርጉት አልኳቸው። ማንም አልሰማኝም። አማቴ ቢላቸውን እየሳሉ "አንቺ ጅዳ የተማርሽው ለጅዳ ማንጎ ነው፤ ይሄ የአገራችን የሀብሩ ማንጎ ነው" እያሉ ቀጠሉ፤ ጎረቤቴ እጅጌዋን ሰብስባ መላጥ ጀመረች።