የሮብ ጠዋት ውሃ

ኮምፒውተሩን ልብስ ያለበስኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ሳያወራብኝ ራሴ ልናገረው። የመስኖ ማኅበራችን ኮምፒውተር መርሳ ወዳለችው ጠባብ ቢሯችን በመጣ ጊዜ አቧራው አሳሰበኝ። አቡጀዲ ገበር አድርጌ፣ ዙሪያውን ዳንቴል ሠርቼ፣ ከአናቱ እስከ እግሩ የሚሸፍነው ልብስ ሰፋሁለት። ሲሠራም ሳይሠራም ለብሶ ይውል ነበር። ያየ ሁሉ “እጅሽ ይባረክ” ብሎኛል።

ኮምፒውተር ይገዛ ብዬ ስብሰባ ላይ የጮህኩትም እኔው ነኝ። የውሃ ተራ የሚጻፍበት ወፍራሙ መዝገብ በጦርነቱ ጊዜ ተቃጥሏል። ሳይቃጠልም አላምነውም ነበር፤ ወረቀት በምላጭ ይፋቃል። ትምህርቴ የመሠረተ ትምህርት ነው፤ ማንበብና መጻፍ፣ መደመርና መቀነስ፣ ከዚያ አላለፈም። የተፋቀ ወረቀት ግን አይጠፋኝም። “ኮምፒውተር አይፋቅም” አልኩ፤ ሰውም እሺ አለ።

ባለቤቴ የውሃ አባት ነበር። የውሃ አባት ከወንዙ የተጠለፈውን ቦይ ይጠብቃል፤ ማን በየትኛው ቀን ማሳውን እንደሚያጠጣ ይዳኛል። እሱ የተናገረው ነገር ሁለተኛ አይነሳም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ጎርፍ የበላው የወንዙ ጠለፋ ተጠግኖ ተራው እንደ አዲስ በዕጣ ሲወጣ፣ ግማሹ ሰው ገና ከተሰደደበት አልተመለሰም። በደንባችን ለሌለ ሰው ዕጣውን የሚያነሳለት የውሃ አባቱ ነው። አነሳላቸው። ጸሐፊዋም እሱ እያስጻፋት ኮምፒውተር ላይ አሰፈረችው። ከዚያ ወዲያ ሰው የሚያውቀው የራሱን ተራና የሚያስረክበውን ጎረቤቱን ነው፤ የቀረው ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ነው።

ለየቤቱ ሁለት ሁለት ተራ ደረሰ። ለእኛ ሰኞና ዓርብ። ግን ሮብ ጠዋትም ውሃ ወደ ማሳችን ሲገባ አየሁ።

“ይኸ ደግሞ ከየት መጣ?” አልኩት።

“የአገልግሎቴ ነው፤ ማኅበሩ የሰጠኝ” አለኝ።

የልጅ ልጆቼን ያሳደግሁበት ሽንኩርት በዚያ በሮብ ውሃ የበቀለ ነው።

ከማሳችን በታች ያለችው ጎረቤቴ ከስደት የተመለሰችው ከሁሉም ዘግይታ ነው። ባሏ እዚያው ሞቶባታል። ስትመለስ ባለቤቴ ቅዳሜ ማታን ብቻ ሰጣት። “መሬትሽ ጠባብ ነው” አላት። ዝም አለች። እሱ እስኪሞት ዝም አለች። ሙት ዓመቱን ካወጣን በኋላ ግን ስብሰባ ላይ ተነሳች።

“ለሰው ሁለት ተራ፣ ለእኔ አንድ፣ ለውሃ አባቱ ቤት ሦስት! የእኔ ሁለተኛው የት ገባ?”

ደሜ ፈላ። ተነሳሁ።

“የሞተ ሰው አፍ የለውም ብለሽ ነው? ቆሞ ሳለ ምላስሽን ማን ያዘው?”

“በቁሙ ማን ደፍሮ ይናገረዋል? ከሞተ ወዲያ ደግሞ ሐዘንሽን አክብሬ ነው ዝም ያልኩት።”

“ሬሳ መክሰስ ነው ማክበር? አንቺ ውሃ ቀምተሽ ልትጠጪ ነው የመጣሽው! ሌባ!”

ሌባ አልኳት፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል። እሷ አልተሳደበችም። “ኮምፒውተሩ ይከፈት” አለች ብቻ። “ይከፈት!” አልኩ፣ ከእሷ ድምፅ አስበልጬ።

ከፈቱት። ቀጭ ቀጭ ቀጭ አለና ጥቁር ሆኖ፣ ነጫጭ የፈረንጅ ፊደል አወጣ። አጠፉት፣ አበሩት። አንዱ በጥፊ መታው። አንዱ ጸበል እንርጨው አለ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ነገረኛ ሽማግሌ፣ “ልብሱን ገልጣችሁ ትርታውን አዳምጡት እንጂ” ብሎ ሰውን አሳቀ። ተራውን የጻፈችው ጸሐፊ ዓረብ አገር ከሄደች ቆይታለች፤ ስልኳም አይሠራም። የተተካችው ደግሞ ማተም እንጂ ሌላ አታውቅም። ሰባት ሰው ተራ በተራ ሲሞክረው ዋለ።

ወልድያ ይወሰድ ተባለ። ማን ይውሰደው? እኔ ብወስደው ቀየረችው ልትል ነው፤ እሷ ብትወስደውም እኔ ያንኑ እላለሁ። ሁለታችንም እንሂድ አልኩ። ወረቀቱም ሁለት ይታተም፤ አንድ ለእሷ፣ አንድ ለእኔ። ይህን በጉባኤ ፊት ያልኩት እኔ ነኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ የኮምፒውተሩን ሣጥን በሰፋሁለት ልብስ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አደረግሁት። ረዳቱ፣ “እማማ፣ ዕቃው ከላይ ይጫን” አለኝ። “ከላይ አንተ ተጫን!” አልኩት። ጎረቤቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች። ወልድያ እስክንገባ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ጠጋኟ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ናት። ልብሱን ገፈፈችና ሣጥኑን ፈታችው። ውስጡ የአቧራ ጥጥ ሞልቶታል።

“ይህን ልብስ ያለበሰው ማነው?”

“እኔ ነኝ” አልኩ።

“እማማ፣ ይኸ እኮ ብርድ አይመታውም። ሙቀቱ የሚወጣበትን አፍንጫ ነው የደፈናችሁት። በቁሙ አበሰላችሁት።”

ጎረቤቴ ሳቀች። ከስብሰባው ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። እኔም ልስቅ ፈልጌ ከንፈሬን ነከስኩ።

ሴትዮዋ ነገሩን አስረዳችን። ሃርድ ዲስክ የሚሉት እንደ ድሮ የዘፈን ሸክላ ይሽከረከራል፣ የሚያነበውም መርፌ አለው። መርፌው ሲታመም ባበሩት ቁጥር ሸክላውን ይፍቀዋል። “ስንቴ አበራችሁት?” አለች። ሁለታችንም መሬት መሬት አየን። አይፋቅም ያልኩት ነገር ለካ ሰባት ሰው ሲፍቀው ነው የዋለው።

“እንግዲህ ሁሉንም አላወጣም” አለች። “መሐል ላይ ሊሞትብኝ ይችላል። መጀመሪያ የምትፈልጉትን አንድ ነገር ንገሩኝ።”

“የውሃ ተራውን” አልን፣ እኩል። ካንድ አፍ የወጣ ይመስል ነበር።

ዲስኩን ነቅላ ከራሷ ኮምፒውተር ጋር አገናኘችው። አረንጓዴ መስመር ጥቂት ትሄዳለች፣ ትቆማለች። ዲስኩ ሲግል ታጠፋውና ይቀዘቅዛል፤ ደግማ ታበራዋለች። እኛ አንዲት አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። እኔ ወደ ማርያም፣ እሷ ወደ አላህ፣ ለዚያችው መስመር እንጸልያለን። ቀትር አለፈ። አንዴ ቀጭ ቀጭ ሲል ጎረቤቴ ሳታውቀው ክንዴን ያዘችኝ።

“ወጣ” አለች ሴትዮዋ። “ግማሹ ረድፍ ተበላሽቷል፤ የቀረው ይነበባል። እዩት።” ብላ ሌላ ደንበኛ ልታነጋግር ዞረች።

ጎረቤቴ ፊደል አልቆጠረችም። እኔ ጣቴን መስታወቱ ላይ አድርጌ ወረድኩ። የሰው ስም፣ ቀን፣ የሰው ስም፣ ቀን። አንዳንዱ ቦታ ባዶ ሣጥን ብቻ ተደርድሯል። የእኛን አገኘሁ፤ ሰኞ፣ ዓርብ። ሌላ የለም። ከእኛ ቀጥሎ የእሷ ባል ስም አለ፤ ቅዳሜ ማታ፣ ሮብ ጠዋት። በስተቀኝ፣ አስተያየት በሚለው ሥር፣ “ሮብ ጠዋትን እስኪመለሱ ድረስ የውሃ አባቱ በአደራ ያጠጣሉ” ይላል።

ሁለቴ አነበብኩት። ባሌ በገዛ አፉ ያስጻፈው ነው። ሲያስጽፍ አደራ ብሎ ነው ያስጻፈ። እነሱ ተመልሰው ሲመጡ ነው አደራው የራሱ ውሃ የሆነለት።

“ምን ይላል?” አለችኝ።

“ገና ነው” አልኩ። “ስብሰባ ላይ ይነበባል።”

“እሺ” አለች። አመነችኝ።

ጠጋኟ ተመለሰች። “ሌላ የሚወጣ አለ? ጠለፋው ሲጠገን የተነሳ ፎቶ ይታየኛል። ቦይ ውስጥ ሱሪያቸውን ሰብስበው የቆሙ አንድ ትልቅ ሰው አሉ።”

ማን እንደሆነ አወቅሁ። በእርጅናው ሌላ ፎቶ የለውም።

“ይብቃ” አልኩ።

“ወረቀቱ ስንት ይታተም?”

ጎረቤቴ አጠገቤ ቆማለች። “አንድ” አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ። ወረቀቱን አጥፌ ከደረቴ ሥር ከተትኩት፤ ሣጥኑን ከነዲስኩ እዚያው ለጥገና ተውነው።

ስንመለስ ሲሪንቃ ላይ ሚኒባሱ ሰው ለማውረድ ቆመ። ጎረቤቴ በመስኮት ዘይቱን ገዛች። በእጇ ለሁለት ከፈለችውና ተለቅ ያለውን ለእኔ ሰጠችኝ። በላሁት። እንዴት እንደዋጥኩት አላውቅም። ከወልድያ እስከ መርሳ ያለው መንገድ ረጅም አይደለም፤ ሌባ ሆኖ ለሚሄድበት ግን ይረዝማል። አንድ ጊዜ ወረቀቱን በመስኮት ልለቀው አስቤአለሁ። ነፋስ ወሰደው እላለሁ፤ ዲስኩም ሞተ ይባላል። ማን ያውቃል?

መርሳ ወርደን አስፋልቱ ዳር ቆምን።

“ሮብ ጠዋት ያንቺ ነው” አልኳት። “በአደራ ይዞት ነበር። እኔ አላወቅሁም።”

አልጮኸችም። ብትጮህ በተሻለኝ።

“እዚያ ሱቅ ውስጥ አንብበሽው ነበር?”

“አዎ።”

“ሲሪንቃስ አውቀሽ ነበር?”

“አዎ።”

“ዘይቱኑን ስትበዪ?”

መቁጠሪያዋን ከእጅ እጅ አዛውራ ጥላኝ ሄደች።

የአካባቢው ሽማግሌዎች ሰምተው ቤቴ መጡ። ነገሩ በውስጥ ይለቅ፣ ሮብ ይመለስላት፣ የሟች ስም አይነሳ አሉኝ። “ሌባ ያልኳት በጉባኤ ነው” አልኳቸው። “በጓዳ አልታረቅም።” ስብሰባው ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ አደራ የሚለውን ቃል ደግሜ አነበብኩት። ትልቁ ልጄ መሐል ላይ ተነስቶ ወጣ። “አባታችንን ሁለተኛ ቀበርሽው” ብሎ ላከብኝ። እስከ ዛሬ ቤቴ አይገባም፤ ልጆቹንም የማየው በበዓል ብቻ ነው። “ለእውነት ስትይ ነው” ያለኝ አንድም ልጅ የለም።

ሽማግሌዎቹ እሷንም ይቅር በዪ አሏት። “ለሞተው አውፍ ብያለሁ” አለች። “ለእሷ ገና ነኝ።” አልፈረድኩባትም። ባሌን ግን አዝኜ አልጨረስኩትም፣ ተጣልቼም አልጨረስኩትም። መቃብር አይመልስም፤ ብቻዬን ነው የምጨቃጨቀው። አንዳንዴ ያንን ፎቶ አስባለሁ። ጸጸት ይዞኝ ጠጋኟ ጋ በሰው አስደውዬ ነበር። ዲስኩ እኛ በወጣን በማግስቱ ጨርሶ ዝም አለ አለችን።

ሮብ በመጣ ቁጥር ማልጄ እወርዳለሁ። ውሃው በማሳዬ ጠርዝ አልፎ ነው ወደ እሷ የሚወርደው። የቦዩን ዳር አይጥ ቀዶታል፤ ካልደፈኑት ውሃው ወደ እኔ ሽንኩርት ይሾልካል። በዶማዬ ጭቃ አውጥቼ፣ ሳር ቀላቅዬ፣ በእግሬ ረግጬ እደፍነዋለሁ። ሽንኩርቴ ዘንድሮ ቀጥኗል። እሷ ታች ቆማ ታየኛለች። አንድም ቀን ደህና አደርሽ አላለችኝም። ደፍኜ ስጨርስ ተመልሼ ቀዳዳውን በእጄ እዳብሰዋለሁ፤ እርጥብ ከሆነ እንደገና እጀምራለሁ።