የይሻው እግር

በእኛ ሰፈር መታመም የፈለገ ሰው የሚያመውን ቦታ አስቀድሞ መምረጥ አለበት። እግር ጥሩ ነው። ወገብም አይከፋም። ጨጓራ ደግሞ ሁሉም ሰው ስላለበት ጠያቂው የራሱን እየጨመረ ሲያወራ ይመሻል። ራስ ምታትም እስከ ተወሰነ ደረጃ ድረስ ይፈቀዳል። ሕመሙ ከራስ ቅል ወደ ውስጥ ገባ ካለ ግን ሰው መንገድ ይቀይራል።

ይህን ያወቅሁት በባሌ በይሻው ነው። ስለ እሱ የምጽፈው ትልቅ ሰው ስለሆነ አይደለም። ግንበኛ ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ክረምት ያልጣለው የድንጋይ አጥር ካያችሁ የእሱ ሊሆን ይችላል፤ ክረምት የጣለውም እንደዚሁ። ከግንበኝነቱ ሌላ የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ነበር። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ይነሳና ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ጀምሮ እስከ ጋፋት መውጫ ድረስ እየነፋ ይለፍፋል። ድምፁ ያማረ ስለሆነ በሕይወቱ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ሰው እንኳ በይሻው አፍ ሲጠራ ትልቅ ሰው የሞተ ይመስላል። ጎረቤታችን ትርንጎ፣ "እንዲህ አሳምረህ የምትጠራኝ ከሆነስ ነገውኑ ልሙት" ትለው ነበር። እሱም ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ፣ "ተራሽን ጠብቂ፣ ወረፋ አለ" ይላታል።

እኔ ደሳለች እባላለሁ። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ተዳርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ድንች እሸጣለሁ። ይህን የምለው ከዚህ በታች ስለ ሕክምና የምጽፈው የሰማሁትን እንጂ የተማርኩትን እንዳልሆነ እንድታውቁልኝ ነው።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ይሻው ዝም አለ። መጀመሪያ ቀልዱ ጠፋ። ከዚያ ምግቡን ተወ። ከዚያ እንቅልፉ። ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቀመጣል። ግንበኛ ስለሆነ ግድግዳው ላይ ስህተት የሚፈልግ መስሎኝ ብዙ ጊዜ ችላ ብዬው አልፌያለሁ። "ምን አየህ?" ስለው፣ "ምንም" ይላል። እውነቱን ነበር።

አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል የእድራችን ዳኛ ሙሉሰው መጥቶ በር መታ። አንድ የሰፈሩ አዛውንት አርፈዋል። ይሻው ጡሩንባውን ይዞ ወጣ። እኔ ተኝቼ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ የጡሩንባ ድምፅ የለም። ተነስቼ ስፈልገው እሱ ራሱ ሲገነባው ከነበረው፣ ገና ክዳን ካልተሠራለት የውሃ ጉድጓድ አፍ ላይ አገኘሁት። ጡሩንባውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እግሮቹን ወደ ውስጥ ሰዷል።

"ምን ሆነህ ነው?"

"አልነፋም አለኝ።"

"እንግዲያው ተነስና ወደ ቤት እንግባ።"

"ደሳለች" አለኝ፣ ሲሚንቶ ማን ያመጣል ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው ረጋ ብሎ፤ "እኔ ብሞት የሚነፋልኝ ማን ነው?"

ጋቢውን በሁለት እጄ ይዤ ጎተትኩት። ጋቢው ተቀደደ፣ እሱ ግን ወጣ።

የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ወሰድኩት። ሲስተር ስርጉት የምትባል ነርስ ብዙ ጠየቀችው። እሱ ጥቂት መለሰላት፤ የጉድጓዱን ነገር እኔ ነገርኳት። ከዚያ ለብቻዬ አስቀምጣ አስረዳችኝ። የአእምሮ ሕመም ነው አለችኝ። እንደ ስኳር፣ እንደ ደም ብዛት ያለ ሕመም እንጂ እርግማን አይደለም፤ ስንፍናም አይደለም። መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ሲሻለው ድኗል ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ ካቋረጠ ያንኑ ጉድጓድ ፍለጋ ሊሄድ ይችላል አለችኝ። ጠበሉንም አልከለከለችም፤ ሁለቱ አይጣሉም አለች።

"ከሁሉ በላይ ግን ብቻውን አይዋል። ሰው ይምጣለት፣ ያጫውተው።"

ያን ጊዜ ሳቅሁ። ሲስተር ስርጉት ከሌላ አገር የመጣች ናት፤ አልፈርድባትም። ከእኛ በታች የሚኖረው ታምራት እንዲህ የሆነ ጊዜ ቤቱን የረገጠ ሰው አልነበረም። ለእህቱ የተላኩት ሽማግሌዎች እንኳ ወሬውን ሰምተው ከመንገድ ተመልሰዋል። እኔ ደግሞ ገበያ ካልወጣሁ አንበላም። ብቻውን አይዋል ማለት ቀላል ነው፤ አብሮት የሚውለውን ማን ያመጣል?

መድኃኒቱን ስገዛ መስኮቱ ውስጥ ፋሻ አየሁ። እሱንም ገዛሁ።

ቤት ገብተን አልጋው ላይ አስተኛሁትና ሱሪውን ወደ ላይ ሰበሰብኩ።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለኝ።

"እግርህን ልሰብር።"

ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቱን ከግድግዳው መልሶ አየኝ። "የቱን?"

"ግራውን።"

"ቀኙ ቢሆን አይሻልም?"

"ዝም ብለህ ተኛ። ግንብ ስትሠራ ከእርብራብ ላይ ወድቀህ ነው።"

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። በማግስቱ ቤቴ መቀመጫ ጠፋ። ዳቦው፣ እንቁላሉ፣ የላም ቅቤው! ትርንጎ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጣ ልጇ ጌጤ በልጅነቷ ከዛፍ የወደቀችበትን ታሪክ ነገረችው። ሙሉሰው በቅሎ የጣለችውን ቀን ተረከ። የተሰበረ አጥንት ያልነበረው ሰው እንኳ የአጎቱን ይዞ መጣ። "እግዜር ይማርህ" እያሉ ያጎርሱታል፤ በይሉኝታ ይውጣል። ኪኒኑንም በሰው ፊት በኩራት ይውጥ ጀመር፤ የእግር ኪኒን ነዋ። እኔ ድንቼን ይዤ ገበያ እውላለሁ፤ ስመለስ ሰው ከቦት አገኘዋለሁ። የሲስተር ስርጉት ትእዛዝ ሙሉ በሙሉ ተፈጸመ።

ወጌሻው አያ አዳነ ግን ተቆጥተው ነው የመጡት።

"እኔ በሕይወት እያለሁ እግር ሆስፒታል ይሄዳል?"

"አያ አዳነ፣ ደንግጬ ነው" አልኳቸው።

"ፋሻ! ፋሻ እኮ ለቁስል ነው። ፍቺው!"

ቤቱ በሰው ሞልቷል። እምቢ ብል ይብሳል። ፈታሁት። እንደ ሌላው እግሩ ጤነኛ የሆነ እግር ወጣ። አያ አዳነ ዓይናቸውን ጨፍነው ከጉልበቱ ጀምረው በጣታቸው ወደ ታች ወረዱ። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። እኔ የማመካኝበት ነገር ስፈልግ እሳቸው ዓይናቸውን ገለጡ።

"ሁለት ቦታ ነው" አሉ።

"ሁለት ቦታ!" አለ ቤቱ በሙሉ።

"አንዱን ሆስፒታሎቹም አላገኙትም። በሉ ትከሻውን ያዙልኝ።"

ሙሉሰውና ሌላ ሰው ትከሻውን ያዙ። አያ አዳነ ቁርጭምጭሚቱን ጨብጠው ባላቸው ኃይል ጠመዘዙት። ይሻው ጮኸ። ያ ድምፁ፣ የጠፋው ድምፁ፣ አጥር ተሻግሮ ተሰማ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረና አላቆም አለ። አባቱ የሞቱ ቀን ጡሩንባውን ራሱ ነፍቶ፣ ስማቸውን ራሱ ጠርቶ፣ አንድ ዘለላ እንባ ያላወጣ ሰው ነው። አሁን በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

"አልቅስ" አለው ሙሉሰው በጋቢው ጫፍ ዓይኑን እየጠረገ። "አጥንት ክፉ ነው። ለአጥንት ማልቀስ አያሳፍርም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይሻው ሲያነክስ እውነቱን ነበር።

ኅዳር ሲታጠን መብላት ጀምሯል። ለገና ለትርንጎ መልስ ይሰጣት ጀመር። ለጥምቀት ጡሩንባውን ተረከበ። ሰፈሩ ሁሉ የአያ አዳነን እጅ አመሰገነ፤ ከእብናት ድረስ አህያ ላይ የተጫነ በሽተኛ መጣላቸው። ሲስተር ስርጉትን ያመሰገነ የለም፤ የሚያውቃት የለማ።

አንድ ቀን አመድ ልደፋ ስወጣ ኪኒኑ ከነመያዣው አመዱ ውስጥ አየሁት።

"ይሻው፣ ይህ ምንድን ነው?"

"አያ አዳነ ተው ብለውኛል። አጥንት ያቀዘቅዛል። ደግሞም እግሬ ድኗል።"

"የቱ እግርህ?"

ሁለቱንም አየ። "ይሄኛው" አለኝ ግራውን እያነሳ።

እየቀለደ መስሎኝ ጠበቅሁ። አልሳቀም። ያን ሁሉ ጠያቂ፣ ያን ሁሉ የስብራት ታሪክ ሲሰማ ከርሞ፣ እኔ የሰበርኩትን እግር እሱም አመነው። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ "ለዳነ እግር መድኃኒት ምን ያደርጋል?" ከማለት አልወጣም። የምከራከረው ከራሴ ውሸት ጋር ስለነበር ተረታሁ።

የሁዳዴ ጾም ሳይገባ ፊቱ ወደ ግድግዳው ተመለሰ። የጉድጓዱን አፍ በሳንቃ ዘጋሁና ድንጋይ ጫንኩበት። ማንሳት ከፈለገ ለግንበኛ ድንጋይ ምኑ ነው? ገበያ መውጣት ተውኩ። ፋሻውን ከሳጥን አውጥቼ፣ አሁን ደግሞ የቱን እግር ልሰር እያልኩ ስቆም፣ መተኛቱን የሰሙ ጠያቂዎች በራሳቸው ጊዜ ገቡ፤ አያ አዳነ ከፊት፣ ሙሉሰውና ትርንጎ ከኋላ።

"ያልኩት ነው" አሉ አያ አዳነ። "ኪኒኑ አጥንቱን አቀዝቅዞታል። እንደገና መጠምዘዝ አለበት።" ብለው እግሩን ያዙ።

"አያ አዳነ፣ እግሬን ይተዉት" አለ ይሻው።

"ምን አልክ?"

"እግሬ ተሰብሮ አያውቅም።"

"ታዲያ ምንህን ነው የሚያምህ?"

"መኖሩን። ጠዋት መነሳቱን። ያን ጊዜ ከእርብራብ አልወደቅሁም፤ ጉድጓድ ልገባ ስል ነው ደሳለች የያዘችኝ። አሁንም ሌላ ነገር አላስብም። እግሬን ይተዉትና ወደ ሆስፒታል አድርሱኝ።"

አያ አዳነ እግሩን ለቀቁ። ከዚያ ትርንጎ ወጥ ጥዳ እንደመጣች ትዝ አላት። ሙሉሰው ስብሰባ ነበረው። የቀሩትም አንድ በአንድ ላም የጠፋባቸው ሆኑ። መጨረሻ የወጡት አያ አዳነ ናቸው።

"በእውነት አልወደቅህም?"

"አልወደቅሁም።"

"ቢሆንም ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር" አሉና ከዘራቸውን አንስተው ሄዱ።

ሆስፒታል ያደረስኩት እኔው ነኝ። ሲስተር ስርጉት መድኃኒቱን እንደገና አስጀመረችው። እሱ ራሱ በሰው ፊት እንደተናገረ ስነግራት፣ "በጣም ጥሩ ነው፣ ትልቅ እርምጃ ነው" አለች። የምትኖረው ሌላ ሰፈር ነው።

ዳቦም እንቁላልም ቀረ። ልጆች በደጃችን ሲያልፉ ይሮጣሉ። ጡሩንባውን እድሩ ወስዶ ለሌላ ጎረምሳ ሰጠው። ቀኑን ሙሉ እኔና እሱ ብቻ ሆንን። ገበያ ስወጣ አብሬው ልዋል ብዬ ይዤው እሄዳለሁ፤ ከድንቹ ክምር አጠገብ ይቀመጣል፣ ኪኒኑንም እዚያው ይውጣል። ሰው ድንቹን ከሌላ ይገዛል። ምን ይደረጋል።

ፋሲካ አልፎ አንድ ጠዋት፣ አዲሱ ነፊ በደጃችን ሲያልፍ ሰማነው። ድምፁ ቀጭን ነው፤ ሰው ሞተ የሚል ሳይሆን ሽንኩርት የሚሸጥ ይመስላል። ይሻው ከአልጋው ቀና ብሎ አዳመጠ። ልጁ ርቆ እስኪሄድ ጠበቀና፣

"በዚህ ድምፅማ አልሞትም" አለ።

ተነስቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እንዳያየኝ ብዬ ነው።

በዚያው ሳምንት ወደ ማምሻው ትርንጎ በጓሮ በር መጣች። ስትሸማቀቅ አይቻት አላውቅም።

"ደሳለች፣ ያ ፋሻ አለ?"

"ማን ተሰበረ?"

"ጌጤ ናት።"

"ምኗን?"

ወደ መሬት አየች። "ከትምህርት ቤት መጥታ ከተኛች አልተነሳችም። አትበላም፣ አታናግረኝም። ፊቷን ወደ ግድግዳ..." ቀሪውን ዋጠችው። "እግሯ ልበል እጇ? አንቺ ታውቂያለሽ።"

ብዙ የምላት ነገር ነበረኝ። ደክሞኝ ነበርና ተውኩት። "እጅ ይሻላል" አልኳት። "እግር ካልሽ አያ አዳነ ይጠመዝዙታል።"

"እጅም ቢሆን ይጠመዝዙታል" አለ ይሻው ከውስጥ። ከዘራውን ይዞ ወጣ። "ስጫት ፋሻውን። እኔ ግን ልጅቷን ልያት። ነገ ቀጠሮዬ ነው፤ ሲስተር ስርጉት ጋ አብራኝ ትሄዳለች።"

"ሰው ምን ይላል?" አለች ትርንጎ።

"እጇ ተሰበረ ይላል" አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ባዶ እጅ በሽተኛ አይጠየቅም" አለ። ዳቦ ስላልነበረኝ የተቀቀለ ድንች ሰጠሁት።

በማግስቱ ጠዋት ገበያ ስወርድ የትርንጎ ደጅ በሰው ተሞልቷል። ዳቦ የያዘች ሴት አስቆመችኝ።

"አልሰማሽም? የጌጤ እጅ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። አያ አዳነ አይተውታል።"

ቀና ስል ጌጤን አየኋት፤ እጇ በፋሻ ታስሮ፣ ጠያቂው ሁሉ "እግዜር ይማርሽ" እያለ እየሸኛት፣ እናቷ ደግፋት በሆስፒታሉ መንገድ ትሄዳለች። ይሻው ከፊታቸው ነው፤ እያነከሰ።