የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች

የሰናፍጭ ሽታ አፍንጫዬን በመታው ቁጥር፣ ሌላው ሰው ጾም ትዝ ሲለው፣ እኔን ትዝ የሚለኝ የእግር ኳስ መርሐ ግብር ነው። ሰው ሰምቶ ይስቅብኛል፤ ቢስቅም አልፈርድበትም። እናቴ ስልጆ ስታዘጋጅ፣ የባቄላው ዱቄት ከሱፉ ውሃ ጋር ተዋህዶ ማሰሮው ውስጥ ሲብላላ፣ ሰናፍጩ ሲጨመርበት ደግሞ ሽታው ቤቱን ሞልቶ ዓይን ሲያስለቅስ፣ እኔ ጥጌን ይዤ ወንድሜ ምስጋናው የሚመጣበትን እሑድ አስብ ነበር።

የምንኖረው ጎንደር ከተማ፣ ከፒያሳ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። አባቴ ሆስፒታል ውስጥ ድሬሰር ሆኖ ይሠራል፤ ልጆቹ ምስጋናውና እኔ ብቻ ነበርን። ምስጋናው የከተማው ቡድን በረኛ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ግቢያችን ሲደርቅ ሁለት ድንጋይ አቁሞ፣ የጨርቅ ኳስ ሰጥቶ፣ እኔን መቺ ያደርገኝ ነበር። ታናሽ እህቱ ነኝና አንድ ቀን እንኳ ያሳልፍልኛል ብዬ ብጠብቅም፣ እየተወረወረ አቧራ ለብሶ ይይዝብኝና «ይታይሽ፣ በዝምድና ጎል አይገባም!» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

በጥቅምት ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ድንጋዮቹን ከቦታቸው የሚያነሳቸው ሰው አልነበረም። ያን በጋ ሁሉ ኳሷን እኔው እየመታሁ፣ እኔው እየሮጥኩ እያመጣሁ ዋልኩ፤ ጎል ማግባት እንደዚያ የሚያስጠላ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ዓመት አልፎት፣ አባቴ የሚያክመው አንድ ቁስለኛ ወታደር ወሬ ነገረው። ምስጋናው አሥመራ ካለ አንድ ክፍለ ጦር የእግር ኳስ ቡድን ውስጥ ገብቷል፣ በረኛ ሆኗል አለው። አባቴ ነጭ ጋወኑን እንኳ ሳያወልቅ ቤት መጥቶ ሲነግረን፣ እናቴ እልልታዋን አቀለጠችውና «ኳስ የያዘ እጅ ጠመንጃ አይዝም!» አለች። አባቴ ያኔ ጋወኑን ማውለቅ ያዘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ኳስ ጠልታ የኖረችው እናቴ የኳስ ወሬ ጠያቂ ሆና አረፈችው።

የክፍላተ ሀገር ውድድሩ መርሐ ግብር ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነበር የሚወጣው። ፒያሳ አካባቢ አንድ የመሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ፣ ከተማው ደሞዝ የተከፈለ ይመስል ወደዚያው ይጎርፍ ነበር። የፊተኛው እያነበበ የኋለኛው ይጨቃጨቃል፤ «መክፈቻው ከሜዳችን ውጪ ሆነብን» የሚል አለ፣ «ዳኛው ማን ይሆን?» የሚል አለ። ከሁሉም በላይ የሚያናድዳቸው ግን ከባዱ ጨዋታ በዐቢይ ጾም መዋሉ ነበር። እያንዳንዱን ጨዋታ ከበዓላቱና ከአጽዋማቱ ጋር እያስተያዩ፣ ይሄ ከሆሳዕና በፊት ነው፣ ይሄ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው እያሉ ተጫዋቾቹ የሚጾሙበትንና የሚገድፉበትን ለይተው ያውቁ ነበር።

በዚያ ዓመት ወሬውን ያመጡልን ጎረቤታችን አያ ታፈረ ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ለከተማው ቡድን ያላቸው ፍቅር ግን ከሙያቸው ይበልጥ ነበርና፣ የለኩትን ሰው ሱሪ አሳጥረው ሰፍተው ጥፋቱን በተሸነፈው ቡድን ያሳብቡ ነበር። እየተበሳጩ ገቡ።

«ይሄ ምን ግፍ ነው! በደብረ ዘይት እሑድ ከአሥመራ ጦር ጋር! የኛ ልጆች ሽሮ በልተው ከሥጋ በይ ጋር ሊገፋፉ?»

እናቴ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። «ከየትኛው ጦር አሉኝ፣ አያ ታፈረ?»

ስሙን ሲነግሯት የምስጋናው ነበር። የሚጫወቱትም እዚሁ፣ ጎንደር ሜዳ ላይ። እናቴ ፊቷ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ከፋት። «ምነው ከፋሲካ ወዲህ ቢያደርጉት! ልጄን በጾም ላገኘው ነው? ዶሮ እንኳ ላላቀምሰው?» ብላ አባቴን አየችው። «ወታደር መንገደኛ ነው እኮ፤ መንገደኛ ይፈቀድለት የለም?»

አባቴ «ለኳስ ብሎ ጾም የሚሽር መንገደኛ አላውቅም» አላት። ለሰባት ቀን ያህል ተነታረኩበት። በመጨረሻ እኔ «ጋሼ የሚወደው ስልጆ ነው» አልኩና ጠቡ በረደ። እውነቴንም ነበር፤ ምስጋናው ስልጆ ካገኘ ዶሮ ትዝ አይለውም።

የብቸኝነት ወራት የጀመረው ከዚያ ነው። ትምህርት ቤት፣ ቧንቧ፣ ገበያ፣ በሄድኩበት ሁሉ የከተማው ወሬ ያ ጨዋታ ሆነ፤ ጦሩን እንዴት እንደምናሸንፈው፣ በረኛው ላይ እንዴት እንደምንጮህበት። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የእንግዳው ቡድን ደጋፊ የእኛ ቤት ብቻ ነበር። ጓደኞቼ ሲዘፍኑ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ድምፅ አላወጣም ነበር።

የደብረ ዘይት ዕለት ከቅዳሴ መልስ አገልግሉን ይዘን ሜዳ ወረድን። ሌላው ሰው ወደ ጥላው ሲሻማ፣ እኛ እንግዶቹ በሚገቡበት በኩል ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ አገልግሉን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከበሩ ዓይኗን አላነሳችም። የከተማው ልጆች ወጥተው አሟሟቁ። ዳኛው ሰዓቱን አየ፣ ደግሞ አየ። በሩ እንደተከፈተ ቀረ። በኋላ ዳኛው ፊሽካውን ነፋና እጁን ወደ ከተማው ልጆች አመለከተ። በድምፅ ማጉያውም እንግዳው ቡድን በመንገድ ችግር ስላልደረሰ ጎንደር በፎርፌ አሸንፋለች ተባለ።

ሜዳው በጩኸት ተናጋ። አያ ታፈረ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ፎርፌ! ፎርፌ!» እያሉ ሲዘሉ ዓይናቸው ከእናቴ ጋር ገጠመ። ባርኔጣው እጃቸው ላይ ቀረ።

«ወይኔ እመቤቴን! ረስቸው እኮ ነው» አሉ።

እናቴ ወደ አባቴ ዞራ «ምን መንገድ ነው?» አለች።

አባቴ «የአሥመራው መንገድ ከአዲ አርቃይ ወዲያ ተዘግቷል ይላሉ» አላት። ሆስፒታል ነው የሚውለው፤ ቁስለኞቹ ከየት እንደሚመጡ ያውቃል። ኳስ የያዘ እጅም ጠመንጃ ሊይዝ እንደሚችል ያን ጊዜ ከፊቱ ላይ አነበብኩ።

ተነስተን እንሄዳለን ብዬ ስጠብቅ፣ እናቴ የአገልግሉን ክዳን አነሳች። «የወጣ እህል ወደ ቤት አይመለስም» አለችና የከተማውን ቡድን በረኛ ጠራችው። ምስጋናው ሲወሰድ ቦታውን የተረከበ ልጅ ነው። «ና የኔ ሸጋ፣ ስልጆ ትበላለህ?» ልጁ ተንበርክኮ ከእጇ ጎረሰ። አያ ታፈረም ጎረሱ፤ እኔንም አጎረሰችኝ። አባቴ ሁለተኛውን ጉርሻ እንደዋጠ በመሐረቡ ዓይኑን ጠረገና «ሰናፍጩ በርትቷል» አለ። ሁላችንም ሰናፍጩ በርትቷል አልን። በዙሪያችን ሕዝቡ እየዘፈነ ወደ ከተማ ይወጣ ነበር።

ክረምቱ መጥቶ ዝናቡ ግቢያችን ውስጥ ያሉትን ድንጋዮች ሣር አለበሳቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደርግ ወደቀ። እናቴ በኮሶዬ መንገድ በእግራቸው የሚመለሱትን ወታደሮች ስትጠይቅ ሰነበተች፤ አየሁት የሚል አልተገኘም። ውድድሩ እንደገና ተጀምሮ መርሐ ግብሩ ሲለጠፍ ላከችኝ፤ የጦሩ ስም የለበትም። ቤት ስደርስ አያ ታፈረ ቀድመውኝ ገብተው «የዘንድሮው ገና አልወጣም» ብለዋት አገኘኋቸው። እሳቸውን ያህል የኳስ ሰው እንዲያ ሲዋሽ እናቴ ዓይን ዓይናቸውን አየችና «እንግዲያ ሲወጣ ይነግሩኛል» አለች። እስከ ዕለተ ሞቷ በየደብረ ዘይቱ ስልጆ ከማዘጋጀት አልቦዘነችም።

ዛሬ መርሐ ግብሩ በስልክ ይመጣል። ልጆቼ ሶፋው ላይ ሆነው እንደ ድሮው ሰዎች ይጨቃጨቃሉ፤ ቡድኑ አውሮፕላን ሲሳፈር፣ ሲወርድ፣ ሆቴል ሲገባ ሳይቀር ፎቶውን ያያሉ። አንድ ሰው ሳይመጣ ሲቀር ለምን እንደቀረ የሚያውቁበት ዘመን ላይ በመወለዳቸው ደስ ይለኛል፤ እቀናባቸዋለሁም። በቀደም ትልቋ ከስልኳ ቀና ብላ «እማዬ፣ አንቺ ግን የማን ደጋፊ ነሽ?» አለችኝ።

«የእንግዳው» አልኳት።

«የትኛው እንግዳ?» ብላ ሳቀች። እኔ ስልጆውን ላማስል ወደ ጓዳ ገባሁ።