ላፕቶፕና አራስ በአንድ ክፍል

ቦንጋ ውስጥ በሙቀት የተጎዳ ነገር አለ ብትሉ የሚያምናችሁ የለም። ያጠቡት ካልሲ እስኪደርቅ የሰው ትዕግሥት የሚፈተንባት ከተማ ናት። ስለዚህ የባለቤቴ ላፕቶፕ መሀል ሥራ ላይ ድርግም ሲል እኔም ሙቀትን አልጠረጠርኩም። መጀመሪያ መብራቱን ረገምኩ፣ ቀጥሎ ቻርጀሩን፣ ከዚያ የሸጠልንን ሰው። እጄን ከሥሩ ሳስገባ ግን እንደ ካውያ ፈጀኝ።

ጊዜው ደግሞ ከዚያ የባሰ ሊሆን አይችልም ነበር። ባለቤቴ ከወለደች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። የአማርኛ መምህርት ናት፤ ማስተርሷን እየሠራች ነበር። ተማሪዎች ድርሰት የመጻፍ ችሎታቸው ለምን እንደደከመ የሚያጠናው የመመረቂያ ጽሑፏ የቀረው የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነው። በእርግዝናዋ ወራት ምግብ አልረጋ ብሏት አንዴ አራዝማለች። አሁን አማካሪዋ ደውለው «እስከ ዓርብ ካላስገባሽ ዘንድሮ የለም፤ ሁለተኛ ማራዘሚያ ደግሞ አይፈቀድም» አሏት። ዓርብ ካለፈ ልፋቷ ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው። ይህን ሰምታ አላለቀሰችም። ልጁን አጠባች፣ አስተኛች፣ «ላፕቶፑን አምጣልኝ» አለችኝ።

ወደ አራሷ ክፍል ማንኛውም ነገር የሚገባው ግን በአማቴ ፈቃድ ነው። አማቴ ምጡ የጀመረ ዕለት ከሚኖሩባት ከደካ ማርና ቅቤ ተሸክመው መጡ፤ ከዚያ ዕለት ጀምሮ እኔ በገዛ ቤቴ እንግዳ ነኝ። ሕጋቸው አንድ ነው፦ አራስን ንፋስ አይነካትም። መስኮቱ ተዘግቷል። በመስኮቱ ላይ መጋረጃ፣ በመጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። በበሩ ሥር ያለችው ክፍተት በአሮጌ ሹራቤ ተወትፋለች። ሹራቡ አሮጌ መሆኑን የወሰኑት እሳቸው ናቸው።

ላፕቶፑን በጣታቸው ጫን ጫን እያደረጉ መረመሩት።

«ይሄ ነገር ብረት አለው?»

«ውስጡ አለው፣ እማማ።»

«እንግዲያው ይግባ» አሉ። አራስ አጠገብ ብረት እንዲኖር ይወዳሉ፤ ትራሷ ሥር ቢላዋ አስቀምጠው ነበር።

እንዲህ ሆኖ ላፕቶፑ አራስ ቤት ገባ። የገንፎው እንፋሎት፣ የአጥሚቱ እንፋሎት፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል የመጣው ሁሉ ትንፋሽ ታምቆ ባለበት ክፍል ባለቤቴ ሁለት አንቀጽ ሳትጽፍ ፋኑ ዳገት እንደ ያዘ ባጃጅ ጮኸና ስክሪኑ ጠፋ። አማቴ ቀና ብለው አዩትና «ብርድ መቶት ነው» አሉ።

ለጉዳይ ወጣ ብዬ ስመለስ ላፕቶፑን በወፍራም ፎጣ ተጠቅልሎ፣ በላዩም ዳንቴል ለብሶ አገኘሁት። ከቴሌቪዥኑ ላይ ያነሡትን ዳንቴል ነው ያለበሱት። ጮህኩ። አማት ላይ መጮህ ነውር ስለሆነ ፎጣው ላይ ጮህኩ።

ይዤው ወደ መነኻሪያው አካባቢ ወዳለ ጠጋኝ ሮጥኩ። ፈትቶ አቧራውን አጸዳው፤ ፋኑ ግን እንደደከመና አዲሱ ከጅማ በአውቶቡስ እስኪመጣ መጠበቅ እንዳለብኝ ነገረኝ። «እስከዚያ ንፋስ በደንብ ስጡት። ቦንጋ ነው ያላችሁት፣ መስኮት መክፈት ብቻ ነው» አለኝ። መስኮት መክፈት ብቻ! ይህ ሰው ወይ አላገባም፣ ወይ አማቱ ሩቅ አገር ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያላደረግነው የለም። ከላፕቶፑ ማዕዘኖች ሥር የለስላሳ ቆርኪ ደርድረን ከፍ አደረግነው፤ ትንሽ ቆየና ጠፋ። የሺሺንዳ ልጅ የሆነ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ «እንሰት ቅጠል ላይ አስቀምጡት እንጂ! ቅቤ የሚያቆይ ቅጠል ላፕቶፕ ያቅተዋል?» አለኝ። ነገሩ ልክ መሰለኝ። አረንጓዴ፣ ሰፊ፣ ቀዝቃዛ ቅጠል ቆርጬ አነጠፍኩለት። ቅጠሉ ሲሞቅ ልስልስ አለና የአየር ማስገቢያውን ቀዳዳዎች በሙሉ ለጥፎ ዘጋቸው። ጠያቂ ሆነው የመጡ ሴቶች የቅጠሉ ሽታ ደርሷቸው ገና ከበሩ «ደግ አደረጋችሁ፣ ቆጮ እየጋገራችሁ ነው?» አሉ። ባልደረባዬን ለሁለት ቀን አላናገርኩትም።

የከሰል ማራገቢያ አነሣሁ። ባለቤቴ ስትጽፍ እኔ አጠገቧ ተንበርክኬ ላፕቶፑን ሳራግብ አማቴ ድስት ይዘው ገቡ።

«አንተ ልጅ! አራሷን ታራግባለህ?»

«ላፕቶፑን ነው፣ እማማ።»

«ንፋሱ ላይ ስም ተጽፎበታል?»

ማራገቢያው ተቀማ።

ሐሙስ ዕለት እኔና ላፕቶፑ ወደ በረንዳ ተሰደድን። ዕቅዱ የእኔ ነው፤ ጥሩም ይመስል ነበር። እሷ ከአልጋዋ ትናገራለች፣ እኔ ብርዱ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ላፕቶፑም ደስ አለው፤ አንድም ጊዜ አልጠፋም። ችግሩ በሩ መዘጋት አለበት፣ ልጁ ስለተኛ ደግሞ ባለቤቴ ድምፅዋን ከፍ ማድረግ አትችልም። ስለዚህ አማቴ መልእክተኛ ሆኑ። ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ስታንሾካሹክ ይሰማኛል፤ ከዚያ አማቴ በሩን ጠበብ አድርገው ከፍተው አንገታቸውን ብቅ ያደርጋሉ።

«ልጆቹ መጻፍ አይችሉም ብላለች።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ የተናገረችው ይሄን ብቻ ነው?»

«ሌላው ያው እሱ ነው። አስተማሪዎቹም ሰነፍ ናቸው ብላለች።»

በሩ ይዘጋል። እኔም የመሥሪያ ቤት ሰው ነኝና አጭሩን ማስረዘም አያቅተኝም። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ጣቴ እስኪደነዝዝ ጻፍኩ፤ እውነቱን ለመናገር ኮርቼም ነበር። ሲመሽ ላፕቶፑን አስገብቼ ሰጠኋት። እያነበበች ፊቷ ተለዋወጠ።

«‹በቀጣይ ከሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት ልዩ ትኩረት ተሰጥቶት ይሠራል።› ይሄ የኔ ምዕራፍ ነው ወይስ የእናንተ የሩብ ዓመት ሪፖርት?»

ልስቅ ነበር፤ እሷ ግን እየሳቀች አልነበረም። የጻፍኩትን በሙሉ አጠፋችው። አንድ ቀን በከንቱ አለቀ። ላፕቶፑም ወዲያው ሞቆ ጠፋ።

ዓርብ ጠዋት ገና ሳይነጋጋ ጀምራ ተቀመጠች። ትጽፋለች፣ ይጠፋል፣ እስኪቀዘቅዝ ትጠብቃለች፣ ትጽፋለች። ልጁ ሲያለቅስ ታጠባለች፤ ጡት ላይ ሆኖም በአንድ እጇ ትጽፋለች። ከሰዓት ሲሆን መደምደሚያው ላይ ደርሳለች፤ አሁን ግን ላፕቶፑ ሁለት መስመር እንኳ አያስጽፋትም። ውጭ ዝናቡ ያለ ማቋረጥ ይወርዳል። አንዴ ደግሞ ሲጠፋባት መክደኛውን በሁለት እጇ ቀስ ብላ ዘጋችው።

«ይቅር» አለች። «ለካ ልጅና ትምህርት አብሮ አይሆንም።»

እንባዋ የዚያን ጊዜ መጣ። ላፕቶፑን አንሥቼ ግድግዳ ላይ ብፈጠፍጠው ደስ ባለኝ። አማቴ ጥግ ላይ ተቀምጠው የልጁን ጨርቅ እያጠፉ ነበር። በካፊኖኖ፣ በካፋዎች ቋንቋ፣ አንድ ነገር ጠየቋት። እኔ ከካፊኖኖ የሚገባኝ ሲቆጡ የሚናገሩኝን ብቻ ነው፤ ይህ ቁጣ አልነበረም። እሷም አንገቷን ሳታነሣ በአጭሩ መለሰችላቸው።

አማቴ ተነሡ። ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ላይ አወረዱ። መጋረጃውን ሰበሰቡ። ከዚያ መስኮቱን ከፈቱት።

ዝናብ ያዘለ ንፋስ ሽው ብሎ ገባ። ደነገጥኩ፤ ከዚያ ሁሉ ቀን ቁጥጥር በኋላ እኔም ንፋስ መፍራት ለምጄ ነበር። እሳቸው ግን ጠረጴዛውን ጎትተው ላፕቶፑን ንፋሱ ወደሚያልፍበት አስጠጉት። የልጃቸውን ጭንቅላትና ትከሻ ጠቅልለው በጠረጴዛው ጎን አስቀመጧት። በእሷና በመስኮቱ መካከል ወንበር አደረጉና ጀርባቸውን ለዝናቡ ሰጥተው ተቀመጡ። ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘረጉት። ንፋሱ በጋቢው ዳር አልፎ ላፕቶፑን ያገኘዋል፤ ልጃቸውን አያገኛትም።

«እማማ፣ እርስዎን ይመታዎታል እኮ» አልኳቸው።

«ይምታኝ። ከእንግዲህ እኔ አልወልድ።» ወደ እኔ ሳያዩ ቀጠሉ። «እሷን ስወልድ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ከአራስ ቤት ስወጣ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ተመለሺ ያለኝ የለም።»

ባለቤቴ ትክ ብላ አየቻቸው። ይህን እሷም ሰምታ አታውቅም ነበር።

«ምን ታዪኛለሽ?» አሏት። «ጻፊ።»

ጻፈች። እኔ ልጁን ታቅፌ ሌላው ጥግ ቆምኩ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠቅም ሥራ ተሰጠኝ። ፋኑ ጮኸ፣ ዝግ አለ፣ እንደገና ጮኸ፤ ላፕቶፑ ግን አልጠፋም። የአማቴ ክንድ ሲዝል ዝቅ ይላል፣ መልሰው ያነሡታል። ልርዳዎት ብዬ ስጠጋ በዓይናቸው መለሱኝ። የጎረቤት ሴት ልትጠይቅ ገብታ መስኮቱን አየችና «ውይ!» ብላ አፏን ያዘች፤ እሷንም በዓይናቸው አስወጧት። ባለቤቴ መደምደሚያውን ጨርሳ በስልኬ ኢንተርኔት ጽሑፉን ለአማካሪዋ ላከችው።

«ገባ?» አሉ አማቴ፣ እጃቸውን ሳያወርዱ።

«ገባ፣ እማዬ። ጨርሻለሁ።»

«ገባ ማለት፣ አለቀ?»

«አለቀ።»

«እንግዲያው ዝጋው» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፤ ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ነበር። «በብርድ ሞትኩ።»

መስኮቱን ዘጋሁ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ሳነሣው ውኃው እግሬ ላይ ፈሰሰ።