የዝናቡን ቀን አውቀው ነበር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባለቤቴ አታውቀውም፤ እሷ የማታውቀው የኔ ነገር ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው። ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየጾሙ ፊታቸው ቀርቤ የሰደብኩትን፣ በሐሰት የማልኩትን፣ ቅዳሴ ያስታጎልኩትን ሁሉ ስዘረዝር ቆይቼ፣ እዚች ላይ ስደርስ እንደ ቦይ ዘልዬ አልፋታለሁ። ነጋዴ ነኝ፤ የትኛው ዕቃ ፊት ለፊት እንደሚደረደር፣ የትኛው ጓዳ እንደሚቀር አውቃለሁ። ዛሬ የጓዳውን አወጣለሁ።

ተካ እባላለሁ። ከጅማ ብዙ በማትርቀው በሰርቦ ከተማ ቡና እገዛለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ጅማ ወስጄ እሸጣለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ጅማ መናኸሪያ ጆንያ ስሸከም ተምሬዋለሁ፤ እዚያ ደግሞ ክፍል መድገም የለም። በምላሴ የምተማመን ሰው ነኝ። ተከራክሮ የረታኝ ደላላ ገና አልተወለደም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ዋናው ነገር ግን ጥፋቴ የመጣው ከዚሁ ከምላሴ ስለሆነ ነው።

ባለፈው ምርጫ የምዝገባ ሰሞን፣ የከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ መምህር፣ አወል፣ ሱቄ መጣ።

«ጋሼ ተካ፣ አሥራ ስምንት የሞላቸው ልጆች አሉን፤ አይመዘገቡም። እኔ ስለ ምርጫ ሳወራ ፈተና ላይ የሚመጣ እየመሰላቸው ደብተር ያወጣሉ። እርስዎ ይንገሩልኝ።»

«እኔ ምን አውቄ?»

«እርስዎ ሲናገሩ ሰው ይስቃል። እየሳቀ ደግሞ ይሰማል።»

ደስ አለኝ። ኮቴን ለብሼ ሄድኩ። ከባንዲራው ሥር ድምፅ ማጉያ ሰጡኝ፣ እኔም ምርጫን እንደ ቡና ሸጥኩላቸው። «ገዢ መጥቶ ቡናችሁን ‹ይሄ ደረጃው ዝቅ ያለ ነው› ሲላችሁ ዝም ካላችሁት፣ ቀጥሎ ‹ይሄማ ገለባ ነው› ይላችኋል። ዝም ያለ ሻጭ ዋጋውን ሌላ ሰው ይቆርጥለታል። ሄዳችሁ ካርድ አውጡ! የማንን ምልክት እንደምትመርጡ የናንተ ጉዳይ ነው፣ እኔን አያገባኝም። ካርድ ሳይኖራችሁ ግን በኋላ ‹እንዲህ ሆነ፣ እንዲያ ሆነ› ብላችሁ እኔ ሱቅ በር ላይ እንዳታለቃቅሱ።» ሳቁ፤ አጨበጨቡ። መምህር አወል «አላልኩም?» በሚል ዓይን አየኝ።

ያን ጊዜ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ሮቤ ናት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ የቡና ገበሬው የአባ ገሮ ልጅ። ክፍል ለክፍል እየዞረች «እንመዝገብ» ስትል የከረመችው እሷ እንደሆነች መምህሩ ነግሮኛል።

«ጋሼ፣ እርስዎ የተመዘገቡት የትኛው ጣቢያ ነው?»

ልብ በሉ፤ እኔ በዕድሜዬ ሙሉ ተመዝግቤ አላውቅም። ሁሌ ቡና አለ፣ ሁሌ መንገድ አለ፣ ሁሌ «እኔ ብቀር ምን ይጎድላል» አለ።

«ካርዴ ቤት ነው ያለው» አልኩ።

«የተቀመጠበትን አይደለም የጠየቅኩት። ጣቢያውን ነው።»

እኔ፣ ተካ፣ የኮቴን ቁልፍ መቆለፍ ጀመርኩ። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «የጋሼ ካርድ የሞባይል ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አብሬ ሳቅሁ። ሳቄ ግን የውሸት ነበር። ልጅቷ አልሳቀችም። «ዱጋ፣ እውነቴን ነው፣ ጋሼ፣ ገና ጊዜ አለ፤ አብረን እንሂድ» አለችኝ። እንግዲህ ሰው ላይ ቂም ለመያዝ ይህ ይበቃል? ለኔ በቃኝ።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ካልመለስኳችሁ የጥፋቴን ክብደት አታውቁትም።

በራሴ ስም ቡና መግዛት በጀመርኩበት ዓመት፣ በታኅሣሥ፣ ባልታሰበ ቀን ዝናብ ጣለ። ያለኝ ሁሉ ማስጫው ላይ ተዘርግቷል። ካበሰበሰው ይሻግታል፣ እኔም ተመልሼ ወደ ሸክሜ ነኝ። አባ ገሮ ቡና ሊያስረክበኝ መጥቶ እዚያው ነበር። ሸራውን ከአንድ ጫፍ ያዘ። በዚህ መሐል አንድ ሰው ከመንደራቸው እየሮጠ መጥቶ «ሚስትህን ምጥ ይዟታል፣ ና!» አለው። አባ ገሮ ሰማዩን አየ፣ እኔን አየ። «ሴቶቹ ከሷ ጋር ናቸው። አንተ ጋ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ ዝናቡ እስኪያባራ ሸራውን ይዞ ቆመ። ቡናዬ ተረፈ። እሱ ቤቱ ሲደርስ ልጅ ተወልዳ ጠበቀችው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን መጥቶ፣ «ሮቤ አልናት፤ ዘነበ ማለት ነው። ያንተ ዝናብ ናት እንግዲህ» አለኝ።

ከዚያ ዝናብ እስከዚያ ምዝገባ አሥራ ስምንት የቡና ለቀማ አልፏል። ነጋዴ የልጁን ዕድሜ ሊሳሳት ይችላል፤ ለቀማ አይሳሳትም።

ምዝገባ ጣቢያው ላይ እንዲህ ሆነ። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ናቸው፤ መታወቂያ አላወጡም። ስለዚህ የሚያውቃቸው የአገር ሰው «እገሌ የእገሌ ልጅ ነው፣ ዕድሜው ደርሷል» ብሎ እንዲመሰክርላቸው ተባለ። በዚህ አካባቢ የማያውቀኝ ገበሬ ስለሌለ መምህር አወል እኔን አስቀመጠኝ። ከመዝጋቢዋ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ስመሰክር ዋልኩ። በልግስና ነው የመሰከርኩት! አንዱን ልጅ ያወቅሁት በአባቱ አህያ ነው። መልኩን አላስታውስም፣ አህያዋን ግን አስታወስኳትና «አውቀዋለሁ!» አልኩ፤ ተመዘገበ።

ከዚያ ሮቤ ተራዋ ደረሰ። የትምህርት ቤት ወረቀቷ ዕድሜዋን በአንድ ዓመት ያሳንሰዋል። አባ ገሮ ሊያስገባት ሲሄድ በግምት የነገራቸው ነው፤ እሱ ዝናቡን እንጂ ቁጥሩን አያውቅም ነበር። አሁን እሱ ሞቷል። እናቷ ሩቅ ገጠር ናት፤ ሮቤ የምትኖረው ለከተማው እንግዳ ከሆነች አክስቷ ጋር ነው። ቀኑን የሚያውቅላት ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ አንድ ነበር።

መዝጋቢዋ ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ ይቺን ልጅ ያውቋታል? አሥራ ስምንት ሞልቷታል?» አለችኝ።

ሮቤ ፈገግ ብላ አየችኝ። ምንም አልጠረጠረችም።

«ልጅቷን አያታለሁ» አልኩ። «ዕድሜዋን ግን አላውቅም።»

«እንዴ ጋሼ! ዝናቡ እኮ ነው! አባዬ ሁልጊዜ ይነግረኝ ነበር፣ ወላሂ! እርስዎ ቡና ላይ የዘነበ ቀን ነው የተወለድኩት።»

«ልጄ፣ እኔ ቡና ላይ ያልዘነበበት ዓመት መቼ አለና?»

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ሳቄን አስመለስኩ። አራት ቀን ሙሉ ስፈልገው የነበረውን ሳቅ፣ አባቷ በያዘልኝ ሸራ ላይ ቆሜ አስመለስኩት።

ሮቤ ወረቀቷን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችና ከሰልፉ ወጣች። ከኋላዋ የነበሩት ልጆች ተከትለዋት ሊወጡ ሲሉ፣ «የት ነው የምትመጡት? ቁሙ! እናንተ ተመዝገቡ» ብላ መለሰቻቸው። እኔ ቀጣዩን ልጅ «አውቀዋለሁ» አልኩ።

አላውቅም አልኩ። አንድ ቃል ናት። በኦሮምኛ ምስክርን «ዱጋ ባቱ» ይሉታል፤ እኔ በሸካሚ ጆሮዬ ስሰማው እውነት ተሸካሚ ማለት ይመስለኛል። ስንት ዓመት ሙሉ ጆንያ በትከሻዬ አመላልሼ፣ የአንዲት ልጅ እውነት ከበደኝ? ማን አስገደደኝ? ማንም። ፈርቼ ነበር? አልነበረም። ረስቼ ነበር? ቢሆን ኖሮ ምንኛ በተገላገልኩ። እኔ ዐውቄ፣ እኔ ፈልጌ፣ እኔው አላውቅም አልኩ። ልጅቷ ምን በደለችኝ? ጠየቀችኝ። ለዚያውም ጥያቄው ልክ ነበር።

የባሰው ደግሞ አለ። በምርጫው ቀን ካርድ የለኝምና ቤቴ መቀመጥ ነበረብኝ። ግን በዚያ ሁሉ ንግግር የታወቅሁ ሰው ጥፍሬ ባዶ ሆኖ እንዴት ገበያ እወጣለሁ? የመረጠ ሰው ጥፍሩን ቀለም ይቀባል። እኔም ጆንያ ላይ ስም የምጽፍበትን ቀለም አምጥቼ ጥፍሬን ቀባሁና ወደ ጣቢያው መንገድ ወጣሁ፣ መርጬ የምመለስ መስዬ። እንዴት ያለ ብልጠት ነው! የጆንያ ቀለም በቤንዚን ካልሆነ አይለቅም፤ የሌላው ሰው ጣት ሲነጣ የኔ ወር ሙሉ አብሮኝ ቆየ።

ሮቤን ያገኘኋት እዚያው መንገድ ላይ ነው። እሷ ያስመዘገበቻቸው ልጆች ተሰልፈዋል። እሷ ከገመዱ ውጪ ቆማ የልጆቹን ስልክና ቦርሳ ታቅፋለች፤ ገብተው እስኪወጡ ትጠብቅላቸዋለች። ጣቴን አየችው።

«ማሻአላህ፣ ጋሼ! መረጡ!»

«መረጥኩ።»

«ያን ቀን ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ። ሰው ይረሳል፤ ያኔ ስንት ነገር ነበረብዎት። እኔ ለሚቀጥለው እደርሳለሁ ኢንሻአላህ።»

ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት። እኔ «አይዞሽ» አልኳት። አይዞሽ!

አሁን ሮቤ ጅማ፣ ቦሳ አዲስ በሚባለው ሰፈር መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ከዚያ ወዲህ መታወቂያ አውጥታለች፤ የኔ ምስክርነት ለምኗም አይደለም። ሳገኛት ከመቀመጫዋ ተነሥታ «ጋሼ፣ ደኅና ነዎት?» ትለኛለች። እስከ ዛሬ የምታውቀኝ የረሳ ሽማግሌ አድርጋ ነው። ሰው በመርሳት ሲከበር አይታችኋል? እኔ ተከብሬ ኖርኩ።

ዘንድሮ ምዝገባ ሲደርስ መምህር አወል እንደገና መጣ። «ጋሼ፣ ያን የቡናውን ንግግር ይድገሙልን። ልጆቹ አዲስ ናቸው፣ አልሰሙትም።» እሺ አልኩት። እሱ እንደሄደ ሱቄን ዘግቼ ጣቢያ ሄድኩና ተሰለፍኩ። መዝጋቢው ወጣት ነው። «ጋሼ፣ የድሮው ካርድ ጠፍቶብዎት ነው?» አለኝ። «የለም፤ መጀመሪያዬ ነው» አልኩት ጮክ ብዬ፣ ሰልፉ እንዲሰማ። አንዳንዱ ሳቀ። ያን ያህልም አላመመኝም። ለዚያች ለማታምም ነገር ነው እንግዲህ የሰው መብት የቀማሁት።

የቡናውን ንግግር ግን አልደግመውም። በሱ ፋንታ ይህን ወረቀት ጻፍኩ። ነገ ጠዋት መጀመሪያ የሚደርሰው ቦሳ አዲስ ነው። እኔው ራሴ አደርሰዋለሁ፣ ሮቤ ስታነበውም ፊቷ እቆማለሁ። ብትቀደው መብቷ ነው። ለልጆቹ ይነበብ ካለች፣ መምህር አወል በዚያው ድምፅ ማጉያ ያነበዋል፣ እኔም ከባንዲራው ሥር ቆሜ ልታዩኝ ትችላላችሁ።

ለናንተ ለተማሪዎቹ የምለው አጭር ነው። ዕድሜያችሁ የደረሰ ሄዳችሁ ተመዝገቡ። «ተመዝገቡ» የሚላችሁን ሰው፣ ኮት የለበሰም ቢሆን፣ ጣቢያው የት እንደሆነ ጠይቁት። ካፈረ የራሱ ጉዳይ ነው። መታወቂያ አውጡ፤ መብታችሁ በአንድ ሽማግሌ ኩርፊያ ላይ አይንጠልጠል። ምስክር ያስፈለገው ካለ ዘንድሮም አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ፤ ብትጠራጠሩኝም አልፈርድባችሁም።

ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እሷንም ይቅር በይኝ ከማለቴ በፊት የምከፍለው ቃል አለብኝ። ያን ቀን መዝጋቢዋ ለጠየቀችኝ ጥያቄ መልሴን ዛሬ ጽፌ ፈርሜበታለሁ፦

አውቃታለሁ። ሮቤ ትባላለች፣ የአባ ገሮ ልጅ ናት። የተወለደችው በታኅሣሥ ነው፣ አባቷ የኔን ሸራ ይዞ ዝናብ በሚደበድበው ሰዓት። አሥራ ስምንት ሞልቷታል።